ቆማ ተገጨች፣ የገጫትም ሄደ

ከጋራዥ በር፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

ጥያቄ

ጤና ይስጥልኝ ጋሼ፤

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት መምህርት ነኝ፤ የምኖረው ጀሞ ነው። ከባለቤቴ ጋር ለዓመታት እቁብ ጥለን የገዛናት ብርማ ቪትዝ አለችን። ባለፈው ሐሙስ ማታ ቄራ አካባቢ ለቅሶ ልንደርስ ሄደን፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ገደማ መንገድ ዳር በቀኝ በኩል አቁመናት ገባን። 3 ሰዓት ላይ ስንወጣ የግራ የኋላ መብራቷ ረግፏል፤ የኋላ ፓራውልቷ በግራ በኩል ወልቆ ተንጠልጥሏል፤ የኋላ ፓራፋንጎዋ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ ጭረቱ እስከ ኋለኛው በር ይሄዳል። የገጫት ሰው የለም፤ ቁራጭ ወረቀት እንኳ አልተወም።

ከመንገዱ ማዶ ያለችው የሱቅ ልጅ «የሆነ ድምፅ ሰምቼ ስወጣ ነጭ አይሱዙ ወደ ላይ ሲሄድ አየሁ» አለችን። ፓርኪንግ የሚያስከፍለው ልጅ ደግሞ ታርጋው ኮድ 3 እንደሆነና በ47 እንደሚያልቅ ነገረን፤ ግን «ምስክር እንዳታደርጉኝ» ብሎናል።

ያለን ኢንሹራንስ ሦስተኛ ወገን ብቻ ነው። ጋራዥ ወስደናት የ58,000 ብር ፕሮፎርማ ሰጡን፤ በሩ ይቀየር፣ ፓራፋንጎው ተቆርጦ ይቀጠል ይላል። እጃችን ላይ ያለው 16,000 ብር ነው፤ ከእሱም ላይ የልጆቹን የትምህርት ቤት ክፍያ ማንሳት አለብን። የጋራዡ ሰው ባለቤቴን ለብቻው ጠርቶ «ኢንሹራንስ ያለው ዘመድ ፈልጉ፤ እኔ ነኝ የገጨኋት ብሎ ይፈርምላችሁ፣ ኢንሹራንሱ ይከፍላል» አለው። ባለቤቴ ነገሩ ሳይዋጥለት አልቀረም፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። ፖሊስ ጋ አልሄድንም፤ ማን ብለን እንከሳለን? ምን ይሻለናል?

መ. ከጀሞ

መልስ

እህቴ መ.፤ አስቀድሜ የሄዳችሁበትን ቤት እግዚአብሔር ያጽናና። ደብዳቤሽ የደረሰኝ በሦስተኛው ቀን ነው። መጽሔቱ እስኪወጣ ቢጠበቅ የሚጠፋ ነገር ስላለ የዚያኑ ዕለት ደውዬልሻለሁ። በስልክ ያልሁሽን እዚህ የምደግመው ነገ ጠዋት መኪናውን እንዲህ ሆና የሚያገኛት ሌላ ሰው ስለማይጠፋ ነው።

እንቅልፍ ከነሳሽ ነገር ልጀምር። አይሆንም። ያልገጨ ሰው ገጨሁ ብሎ ሲፈርም ለፖሊስ የሐሰት ቃል መስጠቱና ኢንሹራንስ ማጭበርበሩ ነው። ያስከስሳል፤ የሚከሰሰውም ሊረዳችሁ ብሎ የመጣው ዘመዳችሁ ነው። በዚህ ሥራ 30 ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ እንዲህ ዓይነት ምክር የሚሰጡ ሰዎች ጉዳዩ ሲበላሽ አጠገባችሁ አይገኙም። ደግሞ የኢንሹራንሱ ጉዳት ገማች ሞኝ አይደለም። ሁለቱን መኪኖች ያያል። የዘመዳችሁ መኪና ፓራውልት ከመሬት ስንት ሴንቲ ሜትር ላይ እንዳለ፣ የእናንተዋ ጉዳት ከስንት እንደሚጀምር በሜትር ይለካል፤ የቀለሙን ርዝራዥ ያያል። ባለቤትሽን ግን አትቆጪው። 58,000 ብር የሚል ወረቀት እጁ ላይ ያስቀመጡበት ሰው በተከፈተለት በር ሁሉ መግባት ያምረዋል። ይህችን በር ብቻ ዝጉ።

«ማን ብለን እንከሳለን?» ላልሽው፣ ፖሊስ ጋ የሚኬደው ተከሳሹ ሲታወቅ ብቻ አይደለም። አደጋው በደረሰበት አካባቢ ወዳለው የትራፊክ ፖሊስ ሄዳችሁ፣ መቼ፣ የት፣ እንዴት ቆማ እንደነበረችና ምን እንደተጎዳ አስመዝግቡ። ለወደፊቱ ደግሞ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥም መኪናዋን ሳያንቀሳቅሱ 991 ደውሎ ትራፊክ ፖሊስ ፕላን እስኪያነሳ መጠበቅ ነው። የእናንተዋ ተነስታለች፤ ቢሆንም መመዝገቡ ይጠቅማል። ነገ ያ አይሱዙ ቢገኝ «የዚያን ማታ የደረሰ ጉዳት ነው» የሚለው ቃላችሁ የሚቆመው በዚያ መዝገብ ላይ ነው። መዝገብ ከሌለ የዛሬ ወር ያመጣችሁት ጭረት የማንም ጭረት ነው።

ታርጋውን ስታስመዘግቡ ልጁ ያለውን ብቻ አስመዝግቡ፦ ኮድ 3፣ መጨረሻው 47። «ምናልባት 8 ነበረበት» እያላችሁ አትሙሉት፤ የተገመተ ቁጥር ፖሊሱን የማያውቀው ሰው ቤት ይወስደዋል። ልጁን ደግሞ አታስጨንቁት። ቀኑን ሙሉ እዚያው መንገድ ላይ የሚውል፣ ሾፌሮቹን ሁሉ የሚያውቅና እነሱም የሚያውቁት ልጅ ነው፤ ፍርሃቱ ከንቱ አይደለም። የእሱ ቃል ያስፈለገው መፈለጊያ እንዲሆን ነው። ማስረጃው ከሌላ ቦታ ከተገኘ እሱን ማስቸገርም አያስፈልግ ይሆናል።

ሌላው ቦታ ካሜራ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ፋርማሲ፣ ባንክ፣ ሆቴል፣ የቤት ዕቃ መሸጫ ካለ ካሜራ አይጠፋም። የካሜራ መቅጃ ሲሞላ በአሮጌው ላይ ስለሚቀዳ አንዳንዱ ከሳምንት በላይ አያቆይም፤ ለዚህ ነው ደብዳቤሽ እንደደረሰኝ የደወልኩት። አንድ ነገር ግን ብዙ ሰው ይስታል። ካሜራው የሚቆጥረው በፈረንጅ ሰዓት ነው። እናንተ ከምሽቱ ከ1 እስከ 3 ሰዓት የምትሉት እዚያ ላይ 19:00 እስከ 21:00 ተብሎ ነው የሚገኘው። ከዚያም በላይ የብዙዎቹ ካሜራዎች ሰዓት መብራት በሄደ ቁጥር ይዛባል። ስለዚህ ባለሱቁን «አሁን ካሜራህ ላይ ስንት ሰዓት ይላል?» ብላችሁ ከስልካችሁ ሰዓት ጋር አስተያዩት፤ 40 ደቂቃ ወደ ኋላ ከቀረ 40 ደቂቃ አስተካክላችሁ ፈልጉ። ባለሱቁ ቅጂውን አልሰጥም ቢል አትጣሉት። የስልክ ካሜራ ደቅኖ ከስክሪኑ ላይ መቅረጽ ይፈቅዳል ብዙ ጊዜ፤ እምቢ ካለም እንዳያጠፋው ለምናችሁ ለፖሊሱ ንገሩ።

አሁን ወደ መኪናዋ ልምጣ። የላክሽልኝን ፎቶዎች አይቻለሁ። ጭረቱ ፓራፋንጎው ላይ ወፍራምና ጥልቅ ነው፤ ወደ በሩ ሲሄድ እየሳሳ ያልቃል፤ የተላጠው ቀለም የተጠቀለለውም በበሩ በኩል ባለው ጫፍ ነው። ቀለም የሚጠቀለለው ገጪው በሄደበት አቅጣጫ ነው። ስለዚህ የገጫት ከኋላ መጥቶ እየታከካት ወደ ፊት አልፏል፤ መኪናዋ ፊቷን ወደ ላይ አድርጋ ቆማ ከነበረ የሱቋ ልጅ ካየችው ጋር አይጋጭም። ከመሬት እስከ ጭረቱ ያለውን ከፍታ በሜትር ለክታችሁ፣ ሜትሩ ከጭረቱ ጎን እንደተያዘ ፎቶ አንሱት። ጭረቱ ውስጥ የቀረ ነጭ ቀለም ካለ ሳይታጠብ በቅርብ አንሱት። መኪናዋን ላቫጆ አስገብታችሁ ከሆነ ደግሞ ያለውን አንሱ።

ስብርባሪውስ? በደብዳቤሽ አላነሳሽውም፤ በስልክ ስጠይቅሽ «ባለቤቴ ሰው እንዳይቆርጥ ብሎ በእግሩ ወደ ቦይ ገፋው» አልሽኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ግን በማግስቱ ተመልሳችሁ ልቀሙት ያልኳችሁ ምክንያት አለኝ። በ2008 ዓ.ም. አንዲት እንጀራ የምታከፋፍል ደንበኛዬ አሮጌ ማሩቲዋ ቤቷ በር ላይ ቆማ ተገጨች። የ12 ዓመት ልጇ ከመሬት የለቀመውን ስብርባሪ ሁሉ በፌስታል አድርጎ አመጣልኝ። ቀዩ የራሷ የማሩቲዋ ነበር። መሃል ላይ ግን የአውራ ጣት ጥፍር የምታክል ብርቱካንማ ፕላስቲክ ነበረች፤ ማሩቲዋ በዚያ በኩል ብርቱካንማ መብራት አልተሰበረባትም። ይዘናት ሶማሌ ተራ ሄድን። ዕቃ የሚሸጠው ልጅ ገለበጣት፤ ኮይቶ የሚባለው የጃፓን መብራት ፋብሪካ ስም ግማሹና ከሥሩ አራት ቁጥር ተቀርጾባታል። የጃፓን መብራቶች የፋብሪካ ስምና ቁጥር መስታወታቸው ላይ አላቸው። ልጁ ከመደርደሪያው አንድ ፍሬቻ አወረደና ስባሪዋን ከላዩ ላይ አስቀመጣት፤ መስመሯ ከመስመሩ ገጠመ። «የዶልፊን ናት» አለን።

በዚያ ሰፈር የሚያልፉት ዶልፊኖች የአንድ ታፔላ ናቸው። በሁለተኛው ቀን የሴትየዋ ልጅ ከትምህርት ቤት ሲመለስ አንዱ ፍሬቻው አዲስ፣ ሌላው የደበዘዘ ዶልፊን አየ፤ እናቱም ታርጋውን ለፖሊስ ሰጠች። ሾፌሩ ተቀጣሪ ነው፤ ገና ልጅ። ፖሊስ ጣቢያ ውስጥ ያለቀሰውን ለቅሶ አልረሳውም። ባለቤቱ ካወቀ ያባርረኛል፣ የአንድ ወር ደመወዜን ያስከፍለኛል ብሎ ነው የሸሸው። መርማሪው የመስታወቱን ተለጣፊ እያሳየ «ይሄ እኮ ሦስተኛ ወገን ነው፤ የሰው መኪና ብትገጭ የሚከፍለው እሱ ነበር» ሲለው ልጁ ራሱን ያዘ። ቢቆም ኖሮ አንድ ብር ከኪሱ ላያወጣ ይችል ነበር። ይህን ጉዳይ ባሰብኩ ቁጥር የሚከነክነኝ ይህ ነው። ገጭቶ የሚሄደው ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚሸሸው አስቀድሞ ከተከፈለ ዕዳ ነው፤ ዕዳው ደግሞ አንቺን የመሰለች፣ ከልጆቿ የትምህርት ቤት ክፍያ ላይ የምታነሳ መምህርት ላይ ይወድቃል።

ስለዚህ አይሱዙው ቢገኝ መንገዱ ይህ ነው። የአይሱዙው ሦስተኛ ወገን ኢንሹራንስ ቆሞ በነበረ ንብረታችሁ ላይ ያደረሰውን ጉዳት በሕጉ ጣሪያ መጠን ይከፍላል፤ እናንተ የፖሊስ ማስረጃ፣ ሊብሬ፣ መንጃ ፈቃድና ፕሮፎርማ ይዛችሁ ትቀርባላችሁ። ባለንብረቱ «ሾፌሩ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» ቢላችሁ አትደንግጡ። በፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2081 መሠረት የተሽከርካሪ ባለቤት መኪናው ላደረሰው ጉዳት ይጠየቃል፤ የነዳው ሰው ያልተፈቀደለት ቢሆን እንኳ። ለካሣ ክስ ያለው ጊዜ በቁጥር 2143 መሠረት ጉዳቱ ከደረሰበት ቀን ጀምሮ 2 ዓመት ነው። ዛሬ ባይገኝ የዛሬ ስድስት ወር ሊገኝ ይችላል፤ ለዚህ ነው ፎቶውን፣ ደረሰኙን፣ የተፈታውን አሮጌ መብራት ሳይቀር አስቀምጡ የምለው።

ባይገኝስ? ያኔ ከማንም የምትጠብቁት ገንዘብ የለም። የራሳችሁ ሦስተኛ ወገን እናንተ ሌላውን ስትጎዱ እንጂ የእናንተ መኪና ስትጎዳ አይከፍልም። በአዋጅ ቁጥር 799/2005 ላይ ያለው የመድን ፈንድም ባልታወቀ መኪና ሕይወቱ ላለፈና አካሉ ለተጎዳ ሰው ነው፤ ለብረት አይደለም። በዚህ ጉዳይ ላይ «አስጨርስላችኋለሁ» የሚል ሰው ቢመጣ ገንዘብ እንዳትሰጡት።

እንግዲህ ጥገናው። 58,000 ብር የሚለውን ፕሮፎርማ መስመር በመስመር አይቼዋለሁ፤ አልስማማበትም። በሩ ላይ ያለው ጭረት ነው፤ ብረቱ አልተቀደደም፣ በሩ ይከፈታል ይዘጋል፣ መስታወቱ ይወርዳል ብለሽኛል። በር የሚቀየርበት ምክንያት የለም። ፓራፋንጎውን ቆርጦ መቀጠል የሚለውማ አሳዝኖኛል። የፊት ፓራፋንጎ በቡሎን የታሰረ ስለሆነ ፈትቶ መቀየር ቀላል ነው። የኋላው ግን የመኪናዋ የገላዋ አካል ነው፤ ከጣሪያው ምሰሶ ጋር ተበይዶ ነው ከፋብሪካ የወጣው። ቆርጦ መቀጠል የመጨረሻው አማራጭ ነው፤ የተቆረጠበት መስመር በደንብ ካልታከመ ከሁለት ክረምት በኋላ ከውስጥ ዝገት ይጀምራል፤ ስትሸጧትም ገዢው ያየዋል።

እኔ ብሆን እንዲህ አደርጋለሁ። የተሰበረው መብራት ሲወልቅ ከበስተጀርባው እጅ የሚያስገባ ቀዳዳ አለ። የኋላ ኮፈኑ (የዕቃ መጫኛው) የውስጥ ልባስ ከተፈታ ደግሞ የገባው ብረት ከውስጥ በኩል ይገኛል። ከውስጥ በብረት ድጋፍ እየገፉ፣ ከውጭ በቀስታ በመዶሻ እየመለሱ ይወጣል፤ እጅ በማይደርስበት ቦታ ፒን እየበየዱ ይጎትቱታል። ለዚህ ነው አዲሱ መብራት ከመገጠሙ በፊት የባቲላሜራው (የገላ ቀጥቃጩ) ሥራ ማለቅ ያለበት። መብራቱን አስቀድሞ የሚገጥም ጋራዥ ሁለት ጊዜ ያስከፍላችኋል።

ያስተማረኝ ሰው፣ ነፍሱን ይማርና፣ ብረት የሚያየው በዓይኑ አልነበረም። ተክለሃይማኖት በነበረን ሰፊ ግቢ ውስጥ ንጹሕ ጨርቅ መዳፉ ሥር ያደርግና ከደህናው ብረት ተነስቶ ወደ ተጎዳው እየዳበሰ ይሄዳል፤ ዓይኑን ጨፍኖ። ዓይን በቀለሙ ብልጭታ ይታለላል፤ ጨርቅ ሥር ያለ መዳፍ ግን የወረቀት ውፍረት የምታክል ጉብታ ይለያል። ሥራው ሲያልቅ አንቺም እንዲሁ አድርጊ። ጨርቅ ያዢና ዳብሺ። ከዚያ ትንሽ ማግኔት በስስ ጨርቅ ጠቅልለሽ አስጠጊው። ብረቱ ላይ ጠበቅ ብሎ ከያዘ ስቱኮው (ጉድጓድ መሙያው ልስን) ስስ ነው፤ ከላላ ወይም ከወደቀ ብረቱን ሳያወጡ ጉድጓዱን በስቱኮ ሞልተውታል። ስቱኮ ከ2 ወይም 3 ሚሊ ሜትር በላይ ሲወፍር መንገዳችን ላይ እየተንቀጠቀጠ ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውኃ ያስገባል። ከመጀመርያው «ስቱኮ ከመቀባቱ በፊት ብረቱን ጠርታችሁ አሳዩኝ» ብለሽ ተስማሚ። ደህና ባለሙያ በዚህ አይከፋም።

ፓራውልቱ ፕላስቲክ ነው፤ አይቀየርም። የገባበትን ቦታ የፈላ ውኃ ቀስ እያላችሁ አፍስሱበትና ከውስጥ በኩል በእጅ ግፉት፤ ጓንት አድርጉ። ብዙው ይመለሳል። ይህ ዘዴ ለብረት አይሠራም፤ ብረቱ ላይ ውኃ እያፈላችሁ አትድከሙ። የተሰነጠቀ ካለ በፕላስቲክ ብየዳ ይያያዛል፤ የወለቁትን ክሊፖች መግዛት ብቻ ነው የሚቀረው።

መብራቱን ሶማሌ ተራ ያገለገለ ኦሪጅናል ፈልጉ። የድሮውን ስባሪ ይዛችሁ ሂዱ፤ ቁጥሩ ላይ ተመሳስሎ ይገዛል። የአምፖል መያዣው እንዳልተሰነጠቀ፣ ዙሪያው ያለው ጎማ እንዳለ እዩ። መብራቱ ከምንም በፊት ይቅደም የምለው ለሁለት ነገር ነው። አንዱ የእናንተው ደኅንነት ነው፤ በማታ መንገድ ላይ ግራ ጎኗ የማይታይ መኪና ሌላ አደጋ ትጠራለች፤ የዓመቱ ምርመራ ሲደርስም ያለ መብራት ቦሎ አይገኝም። ሁለተኛው ውኃ ነው። ያ ቀዳዳ ክፍት ከቆየ ዝናቡ የኋላ ኮፈኑ ውስጥ ይገባና የተጠባባቂ ጎማው ጉድጓድ ውስጥ ይጠራቀማል፤ ማንም ሳያየው ወለሉን ይበላዋል። መብራቱ እስኪገዛ ወፍራም ላስቲክ በፕላስተር አሽጉበት፤ ምንጣፉን አንስታችሁ ውስጡን እዩ፣ ካለ አድርቁት።

ቀለሙ ይቆይ። ብርማ ቀለም ከነጭ ይከብዳል፤ የተቀባው ቦታ ካልተቀባው ጋር በፀሐይ ላይ እንዳይለይ አጠገቡ ያለውንም ገላ ማዳረስ ይፈልጋል፤ ጥሩ ፎርኖ (የቀለም ማድረቂያ ክፍል) ያለው ቦታ ደግሞ ዋጋው ከባድ ነው። ሁለት ጊዜ ርካሽ ከምትቀቡ አንድ ጊዜ ደህና ቅቡ፤ እስከዚያው ብረቱ ራቁቱን አይደር። ቀለም የለቀቀበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት አለስልሶ፣ አድርቆ አንቲረስት (የዝገት መከላከያ ቀለም) መቀባት በቂ ነው። ለዓይን አያምርም፤ አይዝግም ግን። ቀኑ ሲደርስ የቀለሙ ቁጥር በሞተር ክፍሉ ወይም በበሩ መቃን ላይ ባለችው ትንሽ የፋብሪካ ሰሌዳ «ሲ/ቲአር» ከሚለው አጠገብ ተጽፎ ታገኙታላችሁ፤ ቀለም ቀቢው በግምት እንዳያዋህድ ያንን አሳዩት። በሩ ላይ ያለውን ጭረት ጥፍርሽን አሻግረሽ እዪው። ጥፍር የማይዘው ሁሉ በኮምፓውንድ (በቀለም ማለስለሻ ቅባት) ይጠፋል፤ ከገጪው መኪና የተለጠፈው ነጭ ቀለምም እንዲሁ። ፎቶው ከተነሳ በኋላ፣ አስቀድሞ አይደለም።

አንድ የምፈራው ነገር አለ፤ ፕሮፎርማው ላይም የለም። የግራ የኋላ ጎማው ተነክቶ እንደሆነ። ቸርኬው ላይ አዲስ ጭረት ካለ፣ በሁለቱም በኩል ከፊት ጎማ መሃል እስከ ኋላ ጎማ መሃል ያለውን ርቀት መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ለኩ። እኩል ካልሆነ ወይም መኪናዋ ወደ አንድ ጎን የምትሄድ ከሆነ ሌላው ሥራ ሁሉ ቆሞ ያ ይታይ፤ ከቀለምም ከበርም ይቀድማል።

በእኔ ግቢ ቢሆን ብረቱን ማውጣት፣ ፓራውልቱን መመለስና አንቲረስት የእጅ ዋጋው 5,000 ብር ነው፤ ያገለገለውን መብራት ጨምሮ ከ16,000ው የተወሰነ ይተርፍላችኋል። ከዚያ በላይ አታውጡ። የልጆቹ ገንዘብ ለልጆቹ ይሁን፤ ቪትዟ ግራጫ ጥጋኝ ይዛ እስከ መስከረም ብትሄድ ምንም አትሆንም።

ጥያቄ

ሰላም ጋሼ፤ ዕድሜዬ 24 ነው። አዳማ ውስጥ የአጎቴን ፒክአፕ እየነዳሁ ዕቃ አደርሳለሁ። ከአምስት ቀን በፊት ማታ ከአንድ ግቢ ወደ ኋላ ስወጣ የቆመች ቪታራ በር ገጨሁ። ማንም አላየኝም፤ ደንግጬ ሄድኩ። ቤቱን አውቀዋለሁ። በየቀኑ በዚያ አልፋለሁ፤ መኪናዋ አሁንም እንደዚያው ናት። ለአጎቴ አልነገርኩትም። እንዴት ልጀምር?

ስሜ ይቆይ፣ ከአዳማ

መልስ

ልጄ፤ ይህን ስለጻፍክ አመሰግንሃለሁ። ከላይ ያለውን የመምህርቷን ደብዳቤ አንብበው። አንተ የምታልፍበት ቤት ውስጥም እንደሷ እንቅልፍ ያጣ ሰው አለ።

ዛሬ ማታ ለአጎትህ ንገረው፤ ከሌላ ሰው ከመስማቱ በፊት። መኪናው በእሱ ስም ከሆነ በሕጉ ተጠያቂው እሱ ነው፤ ሳያውቅ ዕዳ ተሸክሞ እየዋለ ነው። ይቆጣል። ይቆጣ። ከዚያ አብራችሁ የሦስተኛ ወገን ኢንሹራንሱን ወረቀት አውጡና ውሉ በገባበት ድርጅት ሄዳችሁ የሆነውን እንደሆነው፣ አምስት ቀን መዘግየትህንም ጨምራችሁ ተናገሩ። ቀኑን አትለውጡት። ትራፊክ ፖሊስ ጋም ቃልህን ስጥ፤ ቆመህ ስላላሳወቅህ ቅጣት ሊኖርብህ ይችላል፣ ተቀበለው።

ወደ ባለ ቪታራው ስትሄድ ብቻህን አትሂድ፤ አጎትህ ወይም ሌላ ትልቅ ሰው አብሮህ ይግባ። «እኔ ነኝ የገጨኋት» ማለት ይገባሃል። «ይህን ያህል ብር እከፍላለሁ» ብለህ ግን ኢንሹራንሱ ጉዳዩን ሳያየው በቃልም በወረቀትም አትስማማ፤ ኢንሹራንሶች ሳያውቁ የተገባን የክፍያ ስምምነት አንቀበልም ሊሉ ይችላሉ። ሰውየውንም ይህን ንገረው፤ ማምለጫ እንዳይመስለው።

በሩን አንኳኩታችሁ ሰው ካጣችሁ ወረቀት ተዉ። ዝናብ እንዳያበላሸው በላስቲክ አድርገህ ከመጥረጊያው ሥር አስገባው፤ ለዘበኛውም ወይም ለጎረቤት አንድ ቅጂ ስጥ። አጻጻፉ አያስቸግርህ፤ እንዲህ ይበቃል፦

«መኪናዎን ባለፈው ሳምንት ማታ ወደ ኋላ ስወጣ የገጨሁት እኔ ነኝ። ደንግጬ ሄጄ ነበር፤ ይቅርታ ያድርጉልኝ። ኢንሹራንስ አለን፤ ለኢንሹራንሱም ለፖሊስም አሳውቀናል። ታርጋችን ይህ ነው፣ ስልኬ ይህ ነው። በማንኛውም ሰዓት ይደውሉልኝ፤ ከአጎቴ ጋር ዛሬ ማታ 1 ሰዓት ላይ ተመልሰን እንመጣለን።»

1 ሰዓት ላይም ተመልሳችሁ ሂዱ።